ገና ያልደረቀው ጦር

በየቤተሰቡ አንድ «ገና ነው» የሚል ሰው አለ። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ያ ሰው ራሱ ነው።

ታውቋቸዋላችሁ እኮ። ቤት መሥራት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷቸው እስከ ዛሬ ከነልጆቻቸው ሰርቪስ ክፍሏ ውስጥ የሚኖሩት፣ ለምን ቢባል የሳሎኑ መስኮት አቀማመጥ ልባቸው ውስጥ ስላልገባ። እኛ መሥሪያ ቤትም የስንብት ደብዳቤውን ለሰባት ዓመት ሲያርም፣ ሲሰርዝ፣ ሲደልዝ ቆይቶ ጡረታ የቀደመው ባልደረባ ነበረን። ደብዳቤውን በኋላ ከመሳቢያው አግኝተን አንብበነዋል። ድንቅ ነበር። ያንን ደብዳቤ ያነበበ አለቃ ሰውየውን ከማሰናበት እድገት ይሰጠው ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች እንዳይመስሏችሁ። ሰነፍ አርፎ ይተኛል። እነሱ ከሁላችንም ቀድመው ተነስተው ከሁላችንም በኋላ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሥራ ይወዳሉ። የማይወዱት የሥራውን መጨረሻ ነው።

የዚህ ወገን ጠቅላይ አዛዥ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራሉ። ከሥራ ውጭ ግን ክቡር ጄኔራል ናቸው፤ የበረሃው ጦር ዋና አዛዥ፣ የአርባ ሰባት እግረኛና የአንድ ግመለኛ አባት፣ የእህቴ የምግብ ጠረጴዛ ብቸኛ ገዥ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው፤ ጽሑፍ ላይ ግን ማዕረግ ይከበራል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ወታደሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሲገዙ ግን ገና ወታደር አይደሉም። እጅ ለብቻ፣ እግር ለብቻ፣ ጭንቅላት ለብቻ ሆኖ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ፍሬ ተንጠልጥሏል። ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ ሰው ማድረግ የገዢው ፈንታ ነው። ከዚያ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ጦራቸውን በሜትር እየለኩ ያስኬዳሉ፤ ዳይስ ይጥላሉ፤ ዳይሱ የፈረደበት ይሞታል። በቃ። የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ነው። «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ጄኔራሉ ፊት አትናገሩ እንጂ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቴን አልደብቅም። ከስድስት ዓመት በፊት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሁለት ጦር የያዘ ካርቶን ገዝቼ እህቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ቅዳሜ አልገፋ ብሎኝ ነበር። የእኔ ቤት ጠረጴዛ ንጹሕ ነው፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አራት ወንበር አለው፤ ከአራቱ የሚያረጀው አንዱ ብቻ ነው።

«አንተ በረሃውን፣ እኔ ጫካውን» አልኳቸው። «የዛሬ ሦስት ሳምንት እንዋጋለን።»

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ጨረስኩ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ የምለይ ሰው ነኝ፤ የመጣው ሁሉ በመጣበት ቀን ካልሄደ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጦሬን አረንጓዴ ቀባሁት። ሁሉንም ነገር አረንጓዴ። ጠመንጃውን አረንጓዴ፣ ጫማውን አረንጓዴ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ቡኒ ጠብ ጠብ አደረግሁና ጨረስኩ።

ጄኔራሉ አንዱን በወረንጦ አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉ። «ዓይናቸውስ?»

«ጫካ ነው። ጨለማ ነው። ዓይን ምን ያደርግላቸዋል?»

«ጠላታቸውን ለማየት።»

«ጠላታቸው መቼ መጣና!»

አልመጣም። በዚያች ቅዳሜ ጦርህ ደረሰ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ገና አልደረቀም» አሉኝ። እውነት ነበር፤ የመጀመሪያው ሙጫ አልደረቀም። በሳምንቱ «ገና አልደረቀም»፤ የመነሻው ቀለም ነው። በወሩ «ገና አልደረቀም»፤ በልብሱ እጥፋት ውስጥ የሚፈሰው ጥላ ቀለም ነው። ዓመቱ ሲዞር ቃሉ ከቀለሙ ወጥቶ ኑሮ ውስጥ ገባ። እህቴ «የኮሪደሩን አምፖል መቼ ትቀይረዋለህ?» ስትላቸው «ገና አልደረቀም»። «ዶክተሩ ጋ ሄደህ ደምህን አልተለካህም እንዴ?» «ገና አልደረቀም»። አንድ ቀን ስልክ ደወልኩና እህቴ አለች ወይ አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ፀጉሯን ታጥባ ነበር፤ ለአንዴ እንኳ ትክክል ነበሩ።

አሁን ስለ በረሃው ላውራ። አንድ ተራ ሰው በረሃ ቀባ ቢሉት ቢጫ ይገዛል። እኔም እንደዚያ ነው የመከርኳቸው። ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ቢጫ?» አሉ፣ እናታቸውን የሰደብኩባቸው ይመስል። «ጠዋት የበረሃ ጥላ ሰማያዊ ነው። ቀትር ላይ ጥላ የሚባል የለም። ወደ ማታ ሁሉም ነገር የተጠበሰ ዳቦ ይመስላል። አሁን እነዚህ ሰዎች የሚዋጉት በስንት ሰዓት ነው?»

«በዘጠኝ ሰዓት ነዋ፤ ቅዳሜ እኔ ስመጣ።»

ቀልዴን ነበር። እሳቸው ግን ደብተራቸው ላይ ጻፉት። አሥራ ሰባት ዓይነት ክሬምና ቡኒ ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ቀብተው መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደሩና፣ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍባቸው መዘገቡ።

የአሸዋው ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በአሥራ አምስተኛው የጋብቻ ዓመታቸው እህቴን «ሽርሽር ልውሰድሽ» አሏት። እህቴ አዲስ ጫማ ገዛች። ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ እዚያው አድረው፣ ጠዋት ከአሸዋ በቀር ምንም የሌለበት ቦታ ሄደው ቆሙ። ጄኔራሉ ከሻንጣው ሦስት የማርማላታ ብልቃጥ አወጡ። ሞሉ። ክዳኑን አጠበቁ።

«እሺ» አሉ፣ «እንመለስ።»

እህቴ እስከ ዛሬ ያንን ጫማ ስታጸዳ ታጉረመርማለች። ደግሞ አሸዋው ቢያገለግል! ትልቅ ነው ተባለ። አውራ ጣት ለሚያህል ሰው አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ድንጋይ ናት፤ የታባቱ ተራምዶ ይዋጋል? በእህቴ የዱቄት ወንፊት ነፉት፤ አሁንም ድንጋይ። በመጨረሻ በወታደሮቹ እግር ሥር የተነሰነሰው ከላቦራቶሪያቸው የመጣ፣ ጥርስ የሚወለወልበት ዱቄት ነው። እውነተኛው አሸዋ በረሃ አይመስልም ተብሎ ወደቀ። አንደኛው ብልቃጥ ዛሬ የመታጠቢያ ቤቱን በር ደግፎ ይዟል።

ብሩሽ የሚያጥቡበትን ውኃ ትተው ብሩሹን ሻያቸው ውስጥ የነከሩትን ቀናት አልቆጥርም። አንድ ቀን ግን አንድ ስኒ ሙሉ ጠጥተው ከንፈራቸውን ላስ ላስ አድርገው «ይሄ ሻይ ዛሬ ወፈር ብሏል፤ ጥሩ ነው» ያሉትን እህቴም እኔም ሰምተናል። ጥርሳቸው የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ መስሎ ዋለ።

ግመሏስ! ከካርቶኑ ስትወጣ ሦስት እግር ብቻ ነበራት። ምንጣፍ ተገለበጠ፤ መጥረጊያ ተፈተሸ፤ የእኔ ቦርሳ ሳይቀር ተበረበረ። አምስት ወር ተፈልጎ ሲታጣ ጄኔራሉ አራተኛውን እግር ሥራ ቦታቸው ሠርተው አመጡ፤ የሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ ከሚሠራበት ከዚያ ሮዝ ነገር። ቀለም ተቀብቶበት አይታወቅም፤ ነገር ግን የግመሏ የኋላ ግራ እግር ድድ ነው። እህቴ «ድዲት» ብላ ስም አወጣችላት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በሰው መሳቅ ብቻ አይሆንም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቄ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። ሐኪሙ ልኩን ወሰደ፤ ጥርሱን የሠሩት ጄኔራሉ ናቸው። ሐሙስ ይደርሳል አሉ። እኔ በሆዴ የትኛው ሐሙስ እያልኩ ሳቅሁ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ጥርሴ አፌ ውስጥ ነበር። በኋላ ሳጣራ፣ ለጥርስ ቀጥረውት ቀኑን ያሳለፉበት አንድም ሰው የለም። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሰው!

«እንዴት ነው ነገሩ?» አልኳቸው። «የእኔ ጥርስ በሦስት ቀን፣ የግመል እግር በአምስት ወር?»

በስቴኪኒ የአንዱን ወታደር ቀበቶ እየቀቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። «ጥርስ የሌለው ሰው ዳቦው ፊቱ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ። ደግሞ ሠርቼ እንደሰጠሁት ይዞት ይሄዳል። ጥሩ አድርጌ ከሠራሁት ማንም አያየውም። ባለቤቱ ራሱ ይረሳዋል።» ብሩሹን አጠቡ፤ በውኃው ነው። «ይኼውልሽ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ መደርደሪያዬ ላይ አንዱን አታገኚውም።»

ምላሴን በፊት ጥርሶቼ ላይ አስኬድኩ። የትኛው የእሳቸው እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ እንኳ ነገር መፈለጌን አልተውኩም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጦሬን ዓይን አልባ እንደሆነ በጫማ ካርቶን ይዤ ከተፍ ነው። ጦርነት የለም። ጄኔራሉ ይቀባሉ፤ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ የፖስታ ቤቱን ወሬ አወራለሁ፤ እህቴ ከማድ ቤት ሆና ታርመኛለች። ሲመሽ ሦስታችንም ማድ ቤት ቆመን እራት እንበላለን። ጠረጴዛው ለጦር ሜዳው የተሠራ የጄሶ ጉብታ፣ የቀለም ጣሳና ወታደር ነዋ። እህቴ ሳህኗን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ታደርጋለች፤ እኔ መስኮቱ ደፍ ላይ፤ ጄኔራሉ በእጃቸው ይዘው። ስድስት ዓመት።

እህቴ ታጋሽ ናት። ግን እግር አላት፤ እግሯም ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ያለፈው ወር መጀመሪያ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። አንቺም ስሚ። የዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ተዋጉ። ተዋጋችሁም አልተዋጋችሁም በዚያ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቅ አንጥፌ፣ ወንበር ስቤ፣ እግሬን ከሥሩ ዘርግቼ እራት እበላለሁ። ጦሩ ካርቶን ይገባል። ካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ይወጣል። ጨርሻለሁ።»

«እመቤቴ፣ የቀረው ቫርኒሹ እኮ ብቻ ነው» አሉ ጄኔራሉ።

እውነታቸውን ነበር። አርባ ስምንቱም ተቀብተው ቆመዋል። የቀረው ከጣሳ የሚረጭ፣ ቀለሙን ከሰው ጣት የሚጠብቅ ቫርኒሽ ነው። ያለ እሱ መዋጋት አይቻልም፤ ወታደሮቹን አንስቶ መጣል አለ፤ በአንድ ጦርነት ፊታቸው ተፍቆ ያልቃል። እና ጄኔራሉ ጣሳውን ባነሱ ዕለት ዝናብ ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። በየማለዳው በረንዳው ላይ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ።

«አየሩ ገና አልደረቀም።»

ይኸው ደግሞ አየሩም ገባበት አልኩ። የወሩ መጨረሻ ዓርብ ደረሰ። ነገ ካርቶኑ ይመጣል። ስድስት ዓመት የተጠበቀ ጦርነት በአንድ ጣሳ ቫርኒሽ ሊቀር ነው። እኔ በዚያ ዕለት ዕረፍት ነበርኩ፤ ጄኔራሉ ሥራ ናቸው፤ እህቴ ልብስ ታጥባለች። አስደስታቸዋለሁ ብዬ፣ ወታደሮቹን በካርቶን ክዳን ላይ በአራት ረድፍ ደርድሬ በረንዳው ጣሪያ ሥር አወጣኋቸው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ ላይ ግን ጠብ አላለም። ጣሳውን ወዘወዝኩ። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ሁለት መስመር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አድራሻ ሳነብ የኖርኩ ሰው ያቺን ሁለት መስመር አላነበብኳትም።

ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ረጨሁት። በአምስት ሰዓት ጨረስኩ። እርጥብ እንዳሉ እንዴት ያብረቀርቁ ነበር! እጄን አጨበጨብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

በአምስት ሰዓት ከሩብ ነጡ።

መጀመሪያ ጥምጣማቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ፊታቸው። አሥራ ሰባቱ ክሬምና ቡኒ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ጥላ፣ ቀበቶው፣ የግመሏ ሽፋሽፍት፣ ሁሉም በነጭ ብናኝ ተሸፈነ። በመስኮት ላይ እንደተነፈሱት ትንፋሽ ነበር፤ ግን በጣት የማይጠረግ።

እህቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። «ምነው? ምን ነካቸው? ታመሙ እንዴ?»

«በረዶ ጣለባቸው።»

«በረሃ ላይ?»

«እትዬ፣ ገደልኳቸው።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

እህቴ ጣሳውን ተቀብላ መነጽሯን አድርጋ ጀርባውን አነበበች። «በእርጥብ አየር አትርጩ ይላል» አለች። ከዚያ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ፤ እንደ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀመጠች።

ከዚህ በኋላ ማዕረጉን ለጊዜው ልተወው። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በዚያ በር የገባው ጄኔራል አልነበረም። ጃኬቱ የበሰበሰ፣ ቦርሳውን ከዝናብ ለማዳን ሆዱ ላይ ያቀፈ፣ የደከመው የእህቴ ባል ነበር። ጫማውን አውልቆ ቀና ሲል ጠረጴዛው ላይ የመለስኳቸውን ነጫጭ ወታደሮች አየ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«በስንት ሰዓት ነው የረጨሽው?» አለ።

«በአምስት።»

«ከምን ያህል ርቀት?»

እንደ ሐኪም ነበር የሚጠይቀው። በእጄ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባ። የውኃው ድምፅ ይሰማናል። ብዙ ቆየ። ያን ያህል የሚታጠብ እጅ አልነበረውም። እኔና እህቴ አልተያየንም፤ የማርማላታው ብልቃጥ በሩን ደግፎ ይዟል፤ ከቧንቧው ፊት ቆሞ ጀርባው ይታየን ነበር።

ሲወጣ የእህቴን የስፌት መኪና ዘይትና የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ይዟል። ተቀመጠ። ከግመሏ ጀመረ። አንዲት ጠብታ ዘይት ጥጡ ላይ አድርጎ ጀርባዋን በቀስታ አሸት አሸት አደረገው። ነጩ ተገፎ ከሥሩ ቀለሙ ተመለሰ። ሁሉም አይደለም። ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተመለሰ፤ በእጥፋቱ ውስጥ፣ በጉልበቷ መታጠፊያ፣ በኮርቻው ሥር ነጩ ቀረ።

ብሩሹን ሊያነሳ እጁን ሰደደና መለሰው። ግመሏን ወደ መብራቱ አስጠጋት።

«አቧራ» አለ።

እውነት አቧራ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ጦር ከላውንደሪ የወጣ ይመስል ነበር፤ በረሃ የገባ አይመስልም ነበር፤ ደፍረን አልነገርነውም እንጂ። አሁን መንገድ የሄደች ግመል እጁ ላይ ቆማለች። ሁለተኛውን አነሳ፤ ሦስተኛውን። እህቴም አንድ ጥጥ ወሰደች። እኔን ማንም አልጋበዘኝም። ከዚያ ቀና ሳይል አንድ ጥጥ ወደ እኔ ገፋልኝ።

እግረኞቹን የሚመራው መኮንን ፊቱ ግን አልተመለሰም። ያንን ፊት ለመቀባት አንድ ክረምት ፈጅቶበታል። ዘይቱን ቢለው፣ ጥጡን ቢቀይረው፣ ጢሙና ቅንድቡ እንደነጣ ቀረ። አጉሊ መነጽሩን አጥልቆ አየው፤ አየው፤ አየው። እኔ ጥጤን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

«ሸበተ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ አቁሜያቸው፣ እኔን ሲጠብቁ ሸበቱ።»

መነጽሩን ሳያወልቅ ዞር ብሎ ጭንቅላቴን ተመለከተ። እኔም የእሱን ተመለከትኩ። ካርቶኑን ይዤ የመጣሁ ቀን የሁለታችንም ፀጉር ጥቁር ነበር።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነይ» አለኝ። «እንዳታረፍጂ።»

ቅዳሜ ዝናቡ አባራ። ማዕረጉ ተመልሷል፤ ክቡር ጄኔራል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆመዋል። ዓይን አልባው ጦሬን አሰለፍኩ። ልክ ዘጠኝ ሲል ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጉብታዎቹ ላይ አረፈች፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እውነተኛው ብርሃንና የተቀባው ብርሃን በአንድ በኩል ወደቁ። እያንዳንዷ የተቀባች ጥላ በእውነተኛዋ ላይ ገጥማ ተኛች። በዚህ ሰዓት ካልሆነ በቀር በሌላ ሰዓት አይገጥምም። እኔ ለምመጣበት ሰዓት ተብሎ የተቀባ ጦር ነበር።

ዳይስ ጣልኩ።

ስድስት ዓመት የተዘጋጀ ጦር በአርባ ደቂቃ አለቀ። ጄኔራሉ ዳይስ በጣሉ ቁጥር አንድ ይወጣል፤ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። የሞተ ወታደራቸውን በሁለት ጣት አንስተው ነጭ መሀረብ ላይ ያስተኙታል። ሽበታሙ መኮንን ከጉብታው አናት ላይ በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ።

«አያዩም እኮ!» ብለው ጮኹ። «እነዚህ ሰዎችሽ ዓይን የላቸውም! እንዴት አድርገው አነጣጠሩ?»

«በድምፅ ነው። አንተ ስትጮህ ሰሙህ።»

ድዲት ስታፈገፍግ ከጉብታው ተንከባልላ የድድ እግሯ ተሰበረ። እኔ ደነገጥኩ፤ ዓርብን አስታወስኩ። ጄኔራሉ ግን ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ። በስድስት ዓመት ጠረጴዛው አጠገብ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ሱፐር ግሉ የሚባለውን፣ አሥር እስኪቆጠር የሚደርቀውን ሙጫ አምጥተው እግሯን አገጣጠሙና፣ ጣታቸውን እንዳጣበቁ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ ማድ ቤት ድረስ ይሰማል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አሥር ላይ ለቀቁ። ግመሏ ቆመች።

ወደ ማታ እህቴ መጣች። በአንድ እጇ ካርቶን፣ በሌላው ክንዷ ላይ የታጠፈ የጠረጴዛ ጨርቅ። ቃሏ ቃል ነው። ጄኔራሉ አልተከራከሩም። ካርቶኑን ተቀብለው ከሥሩ ጥጥ አነጠፉና ወታደሮቹን አንድ በአንድ ማስተኛት ጀመሩ፤ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ አቧራቸው እንዳይራገፍ እየተጠነቀቁ። ሽበታሙን በደረቱ ሲያስተኙት መልሰው በጀርባው ገለበጡት። ስለሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አላነሳም። እህቴ ሦስት ሳህን ይዛ መጥታ ቆማ ትጠብቃለች። የጫማ ካርቶኔን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ቦርሳዬም ትከሻዬ ላይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ድዲት ብቻ ቀረች። ጄኔራሉ እጃቸውን ሲሰዱ እኔ ቀደምኳቸውና መዳፌን ከለላ አደረግሁባት።

«እትዬ፣ ቆይ» አልኩ። «ይቺ ገና አልደረቀችም።»

ጄኔራሉ ቀና ብለው አዩኝ። እህቴ ግመሏን አየች፤ ከዚያ ባሏን፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን ቦርሳ። ክንዷ ላይ ያለውን ጨርቅ ወደ ላይ ሳብ አደረገችው።

«ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?»

«እንደ አየሩ ነው» አልኳት።

«እንደ አየሩ ነው» አሉ ጄኔራሉም፣ አንዱን ወታደር ከጥጡ ውስጥ መልሰው እያወጡ።

እህቴ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ማድ ቤት ዞረች። ማቀዝቀዣው አናት ላይ አንዱን፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አንዱን ስታስቀምጥ ይሰማኛል። ውጭ ደመና የሚባል አልነበረም፤ ፀሐይዋ ገና እንደነደደች ነበር።